የሰፈራችን መንገድና አምስተኛው ትእዛዝ



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ከቁጥር 1 እስከ 9 በስብከት ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ሥርዓት ተጽፎ እናገኛለን። በሜዳ የተገደለ ሰው ወድቆ ቢገኝ፣ የገደለውም ማን እንደ ሆነ ባይታወቅ፣ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው ጀምሮ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ለሬሳው ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎችም ጊደር አምጥተው፣ እጃቸውን በላይዋ ታጥበው፣ ያን ደም እንዳላፈሰሱና ሲፈስም እንዳላዩ በእግዚአብሔር ፊት ይመሰክራሉ፤ ስለ ሕዝቡም ሁሉ ይቅርታን ይለምናሉ። እነዚህ ሽማግሌዎች ገዳዮች አለመሆናቸውን ልብ እንበል። የከሰሳቸውም የለም። ሆኖም ሬሳው ለደጃቸው ቅርብ ሆኖ ስለ ተገኘ «እኛን አይመለከተንም» ብለው ወደ የቤታቸው እንዲገቡ ሕጉ አልፈቀደላቸውም። በእግዚአብሔር ፊት ቀርበው እንዲናገሩ ያደረጋቸው ወንጀል ሳይሆን ቅርበት ነው።

ይህን ንባብ በዚህ እትም ያነሣነው በየሰፈራችን መንገድ በተሽከርካሪ ስለሚጠፋው ሕይወት ለመነጋገር ነው። ስለ ረጅሙ አውራ ጎዳና አይደለም የምንናገረው፤ እርሱን የሚመለከት ሌላ አካል አለ። የምንናገረው ከቤታችን በር እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ ጉልቱ ድረስ ስላለው፣ ልጆቻችን ኳስ ስለሚጫወቱበትና አዛውንቶቻችን ምርኩዝ ይዘው ወደ ቅዳሴ ስለሚመጡበት አጭር መንገድ ነው። በብዙ ከተሞቻችን ይህ መንገድ አፈርና ጭቃ ሳለ መኪና የሚያልፍበት እየተንፏቀቀ ነበር። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ ኮብልስቶን ሲያስነጥፍበት ወይም ማዘጋጃ ቤቱ አስፋልት ሲያለብሰው ግን ፍጥነት አብሮ መጣ። ጭቃው ያለ ደመወዝ ይሠራ የነበረውን የጥበቃ ሥራ የተረከበ ሰው አልነበረም።

በከተሞቻችን ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ተሰብስቦ ድንኳን ይተክላል። ቦታ በጠበበበት ሰፈር ድንኳኑ የሚተከለው ከመንገዱ መካከል ነው። ያን ጊዜ ባለ ሚኒባሱም፣ ባለ ባጃጁም፣ የጭነት መኪናው ሹፌርም ድንኳኑን ከሩቅ አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ወይም መሪውን አዙሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። ክላክስ የሚያሰማ የለም፤ የሚቆጣ የለም፤ «ሥራ ፈታሁ» ብሎ አቤት የሚል የለም። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱ ለሟቹ ክብር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፤ አግዳሚውና ድስቱ ተቆጥሮ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል፤ በአራተኛው ቀን መኪናው በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ያልፋል። ሟቹ በዚያው መንገድ በመኪና የተገጨ ሕፃን በሚሆንበት ጊዜም እንኳ ነገሩ ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ለሞተው ልጅ ሦስት ቀን መንገድ መዝጋት የቻለ ሰፈር፣ በሕይወት ላሉት ልጆች ሲል መኪና ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል? ኃይል አለው፤ ድንኳኑ ይመሰክራል። ሥርዓት አለው፤ የዕድሩ መዝገብ ይመሰክራል። ሹፌሮቹም ማክበርን ያውቃሉ፤ በልቅሶ ቀን አክብረዋልና። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር ያ ኃይልና ያ አክብሮት ከሞት በፊት እንዲነሣ የሚጠራው ሰው ነው።

ከድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ዘወትር የሚሰማ ቃል አለ፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይባላል። ቃሉ ልቧ የተሰበረ እናትን ለማጽናናት የሚነገር ስለ ሆነ በልቅሶ ቤት ከተናጋሪው ጋር ክርክር መግጠም አይገባም። ከልቅሶው በኋላ ግን ነገሩን በትምህርት ማቅናት የካህናትና የካቴኪስቶች ግዴታ ነው። እግዚአብሔር የሕይወትና የሞት ጌታ መሆኑ የታመነ ነው። ይሁን እንጂ ሰው በገዛ እግሩ የረገጠውን ፍጥነት በእግዚአብሔር ስም መጻፍ ከእምነት አይቈጠርም። መጽሐፈ ጥበብ በምዕራፍ 1 ቁጥር 13 ሞት የእግዚአብሔር ሥራ እንዳልሆነ፣ በሕያዋን መጥፋትም ደስታ እንደሌለው ያስተምረናል። ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ቢመልስ ኖሮ መልሱን ማን ይቀበለው ነበር? እርሱ የወንድሙ ጠባቂ መሆን አለመሆኑን መልሶ ጠየቀ፤ ጥያቄውም እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም ስሕተት አለ። በብዙ መኪኖች መስታወት ላይ መቍጠሪያ ተንጠልጥሎ፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ሥዕል ተለጥፎ እናያለን። መልካም ልማድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ተሽከርካሪን የምትባርክበት ጸሎት አላት። ነገር ግን መቍጠሪያ የፍሬን ምትክ ሆኖ አልተሰጠንም። ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ሳለ ሰይጣን መላእክት እንደሚደግፉት አሳስቦ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል ፈትኖት ነበር (ማቴ. 4፥5-7)። ጌታ ያን ያልተቀበለው በአባቱ ስላልታመነ ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ስለ ሆነ ነው። በቅዱሳን ሥዕል ተማምኖ በትምህርት ቤት ደጃፍ እየበረረ የሚያልፍ ሰው ጌታ እምቢ ያለውን ዝላይ እየዘለለ ነው፤ ይልቁንም ከጫፍ ላይ የሚጥለው ራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ልጅ ጭምር ነው።

የጥፋቱን መጠን በጥቂት ቃል እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ከሆነው መካከል ከማናቸውም በሽታ ይልቅ ብዙዎችን የሚገድለው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ከ10 ሟቾች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ይኸውም ከብረቱ ውጭ ያለው ሰው ማለት ነው። በሀገራችን ከተሞች የሚበዛው ሕዝብ በእግሩ የሚሄድ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ የባለ መኪኖች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚቈጠርበት ምክንያት አይታየንም።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ዝም አላለችም፤ ትምህርቷ ግን በየቁምስናው እምብዛም አይነገርም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም» በተሰኘው ሰነድ ቁጥር 30 ላይ፣ የፍጥነት ወሰንን የሚደነግጉ ሕጎችን አቃልለው የሚያዩ ሰዎች በዚህ ቸልተኝነታቸው የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጡ አሳስቧል። የጉባኤው አባቶች ስለ ዓለም ሰላምና ስለ ድኾች ፍትሕ በጻፉበት በዚያው ሰነድ ውስጥ የመኪናን ፍጥነት ማንሣታቸው ሊያስደንቀን አይገባም፤ ሁሉም ስለ ሰው ክቡርነት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2290 ስካርንና የፍጥነት ፍቅርን በአንድነት አንሥቶ፣ በእነዚህ ምክንያት የራሱን ወይም የሌላውን ደኅንነት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ከባድ በደል እንደሚፈጽም ያስተምራል። ይህ ቁጥር የሚገኘው «አትግደል» በሚለው በአምስተኛው ትእዛዝ ሥር ነው። ልብ በሉ፤ በደሉ የሚጀምረው ሰው በተገጨበት ሰዓት አይደለም፤ ለአደጋ ባጋለጠበት ሰዓት ነው። ማንንም ሳይገጭ ቤቱ የገባ ሹፌርም ስለዚህ በኅሊና ምርመራው ጊዜ ሊያስብበት ይገባል።

«ጥቂት ብፈጥን ምን ይደረጋል?» ለሚል ሰው ሒሳቡን አብረን እናስላለት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ30 የሚጓዘው ከ8 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ዘሎ ወደ መንገዱ ሲገባ ሹፌሩ አይቶ፣ ነገሩን ተረድቶ፣ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን በ30 የሚሄደው መኪና 13 ሜትር ያህል ተጉዞ ጨርሶ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን በዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ገና ፍሬን መያዝ መጀመሩ ነው፤ ሕፃኑን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነቱ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ምን ለማትረፍ ነው? 600 ሜትር ርዝመት ያለውን የሰፈር መንገድ በ30 የሚያልፈው ሰው 72 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በ50 የሚያልፈው 43 ሴኮንድ። ልዩነቱ 29 ሴኮንድ ነው፤ አንድ «አባታችን ሆይ» በእርጋታ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ። መቍጠሪያውን በመስታወቱ ላይ የሰቀለ ሹፌር ይህን ጊዜ በምን እንደሚሞላው አይቸገርም።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ቁጥር 28 እና 29 ስለ ተዋጊ በሬ የተነገረ ሕግ አለ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የማያውቅ ከሆነ ከፍርድ ነጻ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ከቀድሞ የታወቀ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳያስረው የቀረ ከሆነ ግን ባለቤቱ በደሙ ይጠየቃል። ይህ ሕግ ለዘመናችን እጅግ የቀረበ ነው። የሚኒባስ ባለቤት ለሹፌሩ ከአቅም በላይ የሆነ የቀን ገቢ ቈርጦበት፣ ሹፌሩ ያን ለመሙላት ከጓደኛው ጋር እየተሽቀዳደመ እንደሚነዳ እያወቀ ማታ ማታ ገንዘቡን ብቻ ቈጥሮ የሚቀበል ከሆነ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑን ያውቃል። ፍሬኑ መድከሙ ተነግሮት «እስከ ወር መጨረሻ ይቆይ» የሚል ባለ ንብረትም ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው በቁምስናችን አስራትና መባ ከሚሰጡት መካከል ሊገኝ ይችላል፤ ካህኑም በፍቅርና በግልጽነት ሊነግረው ይገባል።

የታወቀው በሬ ግን መኪና ብቻ አይደለም፤ መንገድም ይሆናል። በየሰፈሩ «እዚያች ኩርባ ላይ ሁልጊዜ አደጋ አይጠፋም» የሚባልበት ቦታ አለ። ሻይ ቤት ያለችው እመቤት ታውቀዋለች፤ የጉልቷ ሻጭ ታውቀዋለች፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያውቀዋል። ሁሉም የሚያውቀውን አደጋ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ያላሳወቀ ሰፈር ከባለ በሬው የሚለየው በምንድን ነው? በዘዳግም 22፥8 ሕጉ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዘዋል። ሰው ከወደቀ በኋላ አልቅስ አላለውም፤ ከመውደቁ በፊት አጥር አለው እንጂ።

ተሳፋሪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ «ንካው እንጂ፣ ረፈደብን» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሹፌሩ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ነው። በሰንበት ቅዳሴ እንዳያልፈው ብሎ ሹፌሩን የሚያጣድፍ ምእመንም አለ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ከቤቱ መነሣት ይሻለው ነበር። በአንጻሩ አንዲት እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ልጄ፣ ቀስ በል፤ ቤታችን በሰላም እንግባ» ስትል ሌሎቹም ተከትለው ሲናገሩ ሹፌሩም ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይታያል። የሀገራችን ሹፌር የእናትን ቃል በቀላሉ አይንቅም። ይህ ታናሽ ድፍረት በቁምስናችን እናቶች ማኅበራት ዘንድ እንደ አንድ የምሕረት ሥራ ተቈጥሮ ቢለመድ ምንኛ በጎ ነበር!

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ላይ ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚነግረንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር ቢኖር የሰረገላው አካሄድ ነው። ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ሊደርስበት፣ የሚያነብበውንም ድምፅ ሊሰማ ችሏል። ከዚያም ጃንደረባው ውኃ ባየ ጊዜ ሰረገላው እንዲቆም አዘዘ፤ ተጠመቀም። የንግሥት ሹም ነበረ፤ የሚያስቸኩል ጉዳይ አላጣም ነበር። እግረኛ ሊደርስበት በሚችል አካሄድ ስለ ሄደና ለአንድ እግረኛም ስለ ቆመለት ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። በአንጻሩ መጽሐፍ ቅዱስ በአነዳዱ ያስታወሰልን ሌላ ሰው ኢዩ ነው (2 ነገ. 9፥20)፤ ጠባቂው ገና ከሩቅ ሳለ በእብደት አነዳዱ ለየው፤ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ግን እናውቃለን፤ ደም ሊያፈስ ነበር።

አሁን ሰፈር ተባብሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንመልከት። ከራሳችን አስቀድሞ በዚህ ችግር ያለፈ ሕዝብ ምስክርነት ይጠቅመናልና ለጥቂት ጊዜ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ኔዘርላንድስ እንሻገር። ያች ሀገር በእኛ ዘንድ የብስክሌትና የጸጥታ ሀገር ሆና ትታወቃለች፤ እንዲህ ሆና ግን አልተፈጠረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገዶቿ ላይ ከ3000 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ሴት ልጁን በዚሁ አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የሕፃናት ግድያ እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ወላጆች ተሰባሰቡ፤ ማኅበር መሠረቱ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መንገድ ወጡ፤ ባለሥልጣናትን ያለ መሰልቸት ጠየቁ። በዚያው ዘመን በዴልፍት ከተማ መኪና በእግረኛ እርምጃ ብቻ የሚያልፍባቸው፣ ልጆች የሚጫወቱባቸው የሰፈር መንገዶች ተሠሩ፤ በሀገሪቱም ቋንቋ «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ያለ ስም ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥርዓቱ በሕግ ጸና። ከባለሥልጣናቱ ሕግ በፊት የወላጆቹ ድምፅ እንደ ቀደመ እናስተውል።

በሀገራችንም በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በእሑድ ቀን ዋና ዋና መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድባቸው ተደርጎ ነበር። ልጆች በአስፋልቱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ አዛውንቶችም ከዳር ተቀምጠው ሲመለከቱ ላየ ሰው ትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 8 ቁጥር 4 እና 5 ትዝ ሳይለው አይቀርም። ነቢዩ የኢየሩሳሌምን መዳን ሲያይ ያየው የጦር ድል አይደለም። ያየው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምርኩዝ ይዘው የሚቀመጡበት፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች የሚጫወቱበት መንገድ ነው። እግዚአብሔር ከተማን ሲያድን መንገዷ እንዲህ ይሆናል።

ይህ እንዲሆን በየሰፈሩ የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል። ከቁምስናው ምክር ቤት ሁለት ሰዎች፣ ከዕድሩ ሁለት፣ ከትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ሁለት ቢመረጡና ዕድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ጉዳዩ ከቀብር ማስፈጸሚያው ሒሳብ ጋር አብሮ ቢነሣ መልካም ጅማሬ ይሆናል። የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችን ከመጀመሪያው አብረውን ይሁኑ። ዕድሩ የሁላችንም ነው፤ መኪናውም ሃይማኖት ለይቶ አይገጭም። የተመረጡት ሰዎች ትምህርት ቤት በሚገባበትና በሚለቀቅበት ሰዓት መንገዱን ቆመው ይመልከቱት፤ መኪናው የት እንደሚፈጥን፣ ልጆቹ የት እንደሚያቋርጡ፣ በበሩ ላይ የሚቆም መኪና እንዴት እንደሚጋርዳቸው ይጻፉ። ያዩትን ለወረዳው፣ ለመንገድ ሥራው ክፍልና ለትራፊክ ፖሊስ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ፊርማም ያሰባስቡ። መልስ ቢዘገይ ተመልሰው ይሂዱ፤ ጌታ በወንጌል ያነሣት መበለት ዳኛውን ያሸነፈችው በመመላለስ ነውና (ሉቃ. 18፥1-8)።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ይለናል። በአንዳንድ ቦታ የተቆጣ ሰፈርተኛ በሌሊት ድንጋይ ደርድሮ ወይም አፈር ቈልሎ በገዛ እጁ ጉብታ ይሠራል። ቁጣው ይገባናል፤ ሥራውን ግን አንደግፈውም። ምልክት የሌለው፣ ቀለም ያልተቀባ ጉብታ በጨለማ የሚመጣውን ሞተረኛ ይጥላል፤ ምጥ የያዛትን እናት የጫነውን አምቡላንስ ያዘገያል፤ ክረምት ሲገባም የጎርፉን መውረጃ ዘግቶ ውኃውን ወደ ድኻው ቤት ይመልሰዋል። በአግባቡ የተሠራ ጉብታ ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ 4 ሜትር በሚጠጋ ርዝመት ቀስ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነዳውን አይጎዳም፤ የሚፈጥነውን ብቻ ያንገጫግጫል። ይህን ባለሙያ ይሥራው። ሰፈርተኛው ገንዘብ በማዋጣት፣ ቀለሙ ሲለቅ በማደስ፣ የባጃጅ ተራውን ከኩርባው ራቅ እንዲል በማስማማት፣ በመንገዱ አፍ ላይ ዛፍ በመትከል ይርዳ። በየትምህርት ቤቱ የሚገኙትን ተማሪ ትራፊኮችም አንርሳ፤ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ከአውቶቡስ ፊት የሚቆሙ ልጆች ናቸውና ከአጠገባቸው አንድ ትልቅ ሰው ቢቆም ሥራቸው ይከበራል።

ሹፌሮችን እንደ ጠላት ማየት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ባጃጅ የሚነዳው ወጣት የእኛው ልጅ ነው፤ ምናልባት በእኛው ቁምስና የተጠመቀ፣ በእኛው መዘምራን መካከል ያደገ ነው። እርሱንና ማኅበሩን ጠርቶ ማነጋገር፣ ችግሩን መስማት፣ «በዚህች መንገድ ከ30 አናልፍም» ብለው ራሳቸው እንዲስማሙ መጋበዝ ከቅጣት ሁሉ የሚበልጥ ፍሬ ያፈራል። አደጋ በደረሰ ጊዜ በሹፌሩ ላይ ድንጋይ ማንሣትና መደብደብ ክርስቲያን ሊያደርገው ቀርቶ ቆሞ ሊያየው የማይገባ ነውር ነው። እንዲህ ያለው በቀል የወደቀውን አያነሣም፤ እንዲያውም ሌላው ሹፌር ነገ ሰው ሲገጭ ለነፍሱ ፈርቶ የወደቀውን ጥሎ እንዲሸሽ ያስተምረዋል። ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የወደቀውን ሰው ጥለውት ያለፉት እነማን እንደ ሆኑ እናስታውስ፤ እንዲሸሹ ምክንያት አንሁናቸው።

የስደተኞችና የመንገደኞች ሐዋርያዊ እንክብካቤ ጳጳሳዊ ምክር ቤት ይባል የነበረው የቅድስት መንበር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ መንገድ ሐዋርያዊ እንክብካቤ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በውስጡም ለአሽከርካሪዎች የተሰጡ ዐሥር ትእዛዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል መኪና የኃይልና የበላይነት መግለጫ እንዳይሆን፣ በመንገድም ላይ ደካማው ወገን እንዲጠበቅ የሚያዝዙት ይገኙባቸዋል። እኛን በተለይ የነካን ግን በዳዩ አሽከርካሪና ተጎጂው በተገቢው ጊዜ ተገናኝተው ይቅር መባባል የሚያመጣውን ነጻነት እንዲያገኙ የሚያሳስበው ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሽምግልናና ዕርቅ የአባቶቻችን ነው። ጊዜው ሳይደርስ ማጣደፍ ግን አይገባም፤ ዕርቁም ፖሊስ ሳያውቅ ነገሩን መደበቂያ፣ ወይም የድኻውን ቤተ ሰብ በጥቂት ብር አፍ ማዘጊያ እንዳይሆን ሽማግሌዎች ይጠንቀቁ። ይቅርታ እውነትን ሲክድ ይቅርታ መሆኑ ይቀራል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አምስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ከቃየን ታሪክ ተነሥታችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አምጡት። ለምሥጢረ ሜሮንና ለምሥጢረ ተክሊል የሚዘጋጁት ወጣቶች ብዙዎቹ በቅርቡ መሪ የሚይዙ ናቸውና ጠጥቶ መንዳት ኃጢአት መሆኑን ከእናንተ ይስሙ፤ በሠርግ ቀን መኪናን በሰልፍ እያስጮኹ መብረርም እንደዚሁ። ታናናሾቹን ልጆች ግራና ቀኝ አይተው እንዲያቋርጡ አስተምሯቸው፤ ይሁን እንጂ ሸክሙን በእነርሱ ላይ አትጣሉ። የሰባት ዓመት ሕፃን ኳሱ ሲያመልጠው ሕግ አያስታውስም፤ ሊያስታውስም አንጠብቅበትም። እርሱ ሲረሳ የሚያስታውስለት ትልቅ ሰው እንዲኖር ነው እግዚአብሔር በመካከላችን ያሳደረው። ካህናትም መኪና ባርኩልን ተብለው ሲጠሩ ከጸሎቱ በፊት ሹፌሩ በሰፈር ውስጥ በዝግታ ለመንዳት በቤተ ሰቡ ፊት ቃል እንዲገባ ቢጠይቁት ቡራኬው አይጎድልበትም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር ወር ሦስተኛው እሑድ በመንገድ አደጋ ለሞቱት መታሰቢያ እንዲሆን የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወስኗል። በዚያ ሰንበት በየቁምስናው በምእመናን ጸሎት ጊዜ በሰፈሩ መንገድ የሞቱት፣ የቤተ ሰባቸው ፈቃድ ተጠይቆ፣ በየክርስትና ስማቸው ይጠሩ። ከቅዳሴ በኋላም ካቴኪስቶች፣ የዕድር ሽማግሌዎችና ወላጆች በአንድነት ወጥተው፣ በመንገዱ ላይ ሰው ከወደቀበት ቦታ አንሥተው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በርና እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩት። ያገኙትን ቁጥር፣ ያዩትን አደጋና ለወረዳው ያቀረቡትን ጥያቄ ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።